ትንፋሽ እያጠረ በእግር መሄድ፦ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ላለባቸው የ8 ሳምንት የቤት ልምምድ

ይህ መመሪያ ሲኦፒዲ (የአየር ቧንቧ ሥር የሰደደ መጥበብ)፣ የቆየ አስም፣ ብሮንኪኤክታሲስ (የአየር ቧንቧ ከልኩ በላይ ሰፍቶ መቅረት) ወይም ከቲቢ የቀረ የሳንባ ጠባሳ ላለባቸው፣ መድኃኒታቸውን በአግባቡ እየወሰዱም ከመኝታ ቤት እስከ ደጅ መሄድ ላቃታቸው ነው። ብዙ ሰው «ተንቀሳቀስ» ይባላል፣ ይሞክራል፣ በሳምንቱ ይተወዋል። አንዱ በመጀመሪያው ቀን ከጤነኛ ሰው ጋር እኩል ይራመድና ትንፋሹ ተቆርጦ ሁለት ቀን ይተኛል። ሌላው ትንፋሹ ገና ከፍ ማለት ሲጀምር ደንግጦ ይቀመጣል፤ እግሩም በየሳምንቱ ይሰንፋል። የሰነፈ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሳንባው ባይብስበትም ሰውየው እየባሰበት ይሄዳል። የሚያዋጣው የትንፋሽዎን ማጠር በቁጥር መለካት፣ በዚያ ቁጥር መሄድና በዚያ ቁጥር ማረፍ ነው።

በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በእስራኤል የሚኖሩ ከሆነ በቤት ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎ ለፐልሞነሪ ሪሃቢሊቴሽን (በባለሙያ ለሚመራ የሳንባ ሕመምተኞች ልምምድ) እንዲልክዎ ይጠይቁ። በባለሙያ ዓይን ሥር መጀመርን የሚያህል የለም። ዕድሉን ያላገኙ ደግሞ ይህን ይከተሉ።

መጀመር የሌለበት ማን ነው?

ከነዚህ አንዱ ካለብዎ ልምምዱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ሐኪም ይይዎ።

- ሲንቀሳቀሱ ደረት መጨምደድ፣ ራስ መሳት፣ ወይም ገና ያልተረጋጋ የልብ ሕመም
- ደም የተቀላቀለበት አክታ
- ትኩሳት፣ ወይም ሰሞኑን የበዛና ቀለሙ የተለወጠ አክታ
- አዲስ የእግር እብጠት፤ በተለይ አንዱ እግር ብቻ አብጦ ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አይጠብቁ
- ከ2 ሳምንት ያለፈ አዲስ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ። ቲቢን ቀድሞ ታክመው የጨረሱም ቢሆኑ አክታዎን ያስመርምሩ።

## ደረጃ 1፦ ዝግጅት

መንገዱ። ግቢ ውስጥ ወይም ኮሪደር ላይ ሜዳ የሆነ 10 ሜትር ይለኩና በአንዱ ጫፍ መደገፊያ ያለው ወንበር ያስቀምጡ። የመንደሩ መንገድ ዳገት ከሆነ ለጊዜው ይተዉት። ዓይን የማያየው ትንሽ ዳገት እንኳ ትንፋሽን በእጅጉ ያከብዳል፤ ብዙ ሰው «መሄድ አልቻልኩም» የሚለው ዳገት ላይ ስለጀመረ ነው። ከሰል የተቀጣጠለበት፣ እጣን የሚጨስበት ወይም መኪና ሞተሩን ከፍቶ የቆመበት ቦታ አይሆንም።

ልብስና ጫማ። ነጠላ ጫማ ስለሚያደናቅፍ ሽፍን ጫማ ያድርጉ። መቀነትዎን ወይም ቀበቶዎን ያላሉት። ጠብቆ የታሰረ መቀነት ሆድ ወደ ውጭ እንዳይገፋ ስለሚያደርግ ዲያፍራም (ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ) ወደ ታች መውረጃ ያጣል።

ሰዓቱ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ለብዙዎች ይመቻል፤ የሌሊቱ አክታ ወጥቷል፣ የጠዋቱ መድኃኒት ሠርቷል፣ ብርዱም ቀለል ብሏል። ከበሉ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆዩ። ጦም ከሆኑ ግን በባዶ ሆድ ልምምድ አይሥሩ፤ ከፈቱ በኋላ ወደ አመሻሹ ያዛውሩት። ክብደትዎ እየቀነሰ ከሆነ ደግሞ ስለ ጦሙ ከሐኪምዎና ከንስሐ አባትዎ ወይም ከሃይማኖት አባትዎ ጋር ይመካከሩ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ይህን ጉዳይ እንደ ቀላል አይዩት።

ፓፍ። ሐኪም ሳልቡታሞል ፓፍ (የአየር ቧንቧን የሚከፍት፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት) አዝዞልዎት ከሆነ የታዘዘልዎትን መጠን ከልምምዱ 15 ደቂቃ በፊት ይውሰዱ። ፓፉን በቀጥታ አፍ ውስጥ መንፋት አብዛኛውን መድኃኒት አፍና ጉሮሮ ላይ ያስቀረዋል። ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መሐል የሚገባ ባዶ ዕቃ) ከሌለዎት ከግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሠራል፦

1. የባዶውን ሃይላንድ ቂጥ በጋለ ሽቦ የፓፉ አፍ ልክ በሚሆን ቅርጽ ይብሱት። ፓፉ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት፤ በጎኑ አየር ካስገባ መድኃኒቱ ያመልጣል።
2. በሳሙና ውኃ ይጠቡትና በጨርቅ ሳይወለውሉ በራሱ ይድረቅ። ከተወለወለ መድኃኒቱ ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል።
3. ፓፉን በደንብ ይናጡ፣ በቀዳዳው ያስገቡ። ትንፋሽዎን ካስወጡ በኋላ የሃይላንዱን አፍ በከንፈርዎ ግጥም አድርገው ይያዙ።
4. አንድ ጊዜ ይጫኑና በዝግታ፣ በጥልቀት ይሳቡ፤ እስከ 10 ሴኮንድ ይያዙት። መያዝ ካልቻሉ በሃይላንዱ ውስጥ 5 ጊዜ በዝግታ ይተንፍሱ።
5. ሁለተኛውን ከመውሰድዎ በፊት ግማሽ ደቂቃ ይጠብቁና እንደገና ይናጡ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ መጫን የተለመደ ስህተት ነው።

ኦክሲሜትር (ጣት ላይ የሚሰካ የደም ኦክስጅን መለኪያ) ካለዎት። ጣትዎን ያሙቁ፤ የጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላ የሌለበትን ጣት ይምረጡ። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መሣሪያው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ያለፈ ከፍታ ላይ ስለሆነች፣ የጤነኛ ሰውም ንባብ ከቆላው ዝቅ ይላል። ስለዚህ «ከዚህ ቁጥር በታች ከወረደ ቁም» የሚለውን ለእርስዎ በሐኪም ያስወስኑ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ወሰን 88 በመቶ አካባቢ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደር የሚጠቀሙ ከሆነ መጠኑን በራስዎ ከፍ ዝቅ አያድርጉ፤ ከሰል፣ ሻማና ምድጃ አጠገብም ፈጽሞ አይጠጉ።

## ደረጃ 2፦ የትንፋሽ ቁጥርዎን ይወቁ

ከ0 እስከ 10 ያለውን ይህን መለኪያ በወረቀት ጽፈው መሄጃው ጫፍ ላይ ይለጥፉት።

0 – ምንም አላጠረኝም
2 – ጥቂት
3 – መጠነኛ
4 – ጠንከር ያለ
5 – ከባድ
7 – በጣም ከባድ
10 – ከዚህ በላይ አልችልም

የልምምዱ ቦታ 3 እና 4 ነው። ከ3 በታች ጡንቻው አይጠነክርም። 5 ሲደርስ ያርፋሉ። ቁጥሩን መገመት ከቸገረዎት «ዛሬ ገበያ ደርሼ ቶሎ እመለሳለሁ» ይበሉ። ሳይቆርጡ ከጨረሱት 2 ነው፣ ፍጥነት ይጨምሩ። መሐል ላይ አንዴ ከተነፈሱ 3 ወይም 4 ላይ ነዎት። በየቃሉ ከቆረጡ ከ4 አልፈዋል።

አሁን መነሻዎን ይለኩ። ሰው አጠገብዎ ይሁን፤ ሁለቱን ልኬቶች በተለያየ ቀን ያድርጉ።

1. የመሄድ ልክ። በተለመደ ፍጥነትዎ ይሂዱና ትንፋሽዎ 4 እስኪደርስ የፈጀውን ደቂቃ ይጻፉ።
2. የመነሳት ልክ። 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውና እጀታ የሌለው ወንበር ግድግዳ አስደግፈው፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው፣ በ1 ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ ተነስተው እንደተቀመጡ ይቁጠሩ። መሐል ላይ ማረፍ ይቻላል፤ ሰዓቱ ግን አይቆምም። በርጩማ ዝቅ ስለሚል ለዚህ አይሆንም።

## ደረጃ 3፦ ከእግር በፊት አተነፋፈስ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው በሁለተኛው ሳምንት የሚያቆመው። የአየር ቧንቧው የጠበበ ሰው ሲቸኩል አየሩን ሳያስወጣ ሌላ ያስገባል፤ አሮጌው አየር ደረት ውስጥ ይከማችና ለአዲሱ ቦታ ይነሳዋል። «አየር አጣሁ» የሚለው ስሜት ብዙ ጊዜ የሚመጣው አየር ስላልወጣ ነው። ስለዚህ ትኩረትዎ ማስወጣቱ ላይ ይሁን።

1. ትከሻዎን ዝቅ አድርገው ይቀመጡ። አፍዎን ዘግተው በአፍንጫዎ 2 እስኪቆጥሩ ያስገቡ። በጥልቀት መሳብ አያስፈልግም።
2. ከንፈርዎን ሊያፏጩ እንደሆነ አጥብበው 4 እስኪቆጥሩ በዝግታ ያስወጡ። ጉንጭዎን አይንፉ፣ አይግፉ፤ ራሱ ይውጣ።
3. ለሦስት ቀን፣ በቀን 3 ጊዜ፣ 5 ደቂቃ እየተቀመጡ ይለማመዱ። ከዚያ ቆመው፣ ከዚያ እየሄዱ፦ በ2 እርምጃ ያስገቡ፣ በ4 እርምጃ ያስወጡ።

ራስዎን ካዞረዎት ብዙ አየር እየሳቡ ነው፤ አሳሳቡን ያሳንሱ።

የማረፊያ አቋቋም። ከተቀመጡ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ክንድዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ። ከቆሙ በከዘራ፣ በጠረጴዛ ወይም በግድግዳ ይደገፉ። በመቋሚያ መደገፍም ያው ነው፤ ክንድ ሲያርፍ የትከሻ ጡንቻ ለትንፋሽ ይተርፋል። ተንጋልሎ መተኛት ያባብሳል።

አክታ የሚበዛብዎ ከሆነ ከመሄድዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ያውጡት። 4 ጊዜ በዝግታ በጥልቀት ይተንፍሱ፤ እያንዳንዱን 2 ወይም 3 ሴኮንድ ይያዙት። ከዚያ መካከለኛ ትንፋሽ ወስደው መነጽር ለመወልወል እንደሚያተን ሰው አፍዎን ከፍተው «ሃህ» እያሉ ሁለቴ ያስወጡ። አክታው ወደ ላይ ሲወጣ ብቻ አንዴ ይሳሉ። ዙሩን 3 ወይም 4 ጊዜ ይድገሙ። ደጋግሞ በኃይል መሳል ያደክማል እንጂ አያወጣም።

## ደረጃ 4፦ የእግር ጉዞው

በሳምንት 5 ቀን። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ ከመሄድ ልክዎ ጥቂት ቀንሰው አንድ ዙር ያድርጉት፤ በየዙሩ መሐል ትንፋሽዎ 2 እስኪሆን ያርፉ። ልኩ 3 ደቂቃ ለሆነ ሰው የሚከተለው ይሆናል።

ሳምንት 1፦ 2 ደቂቃ × 5 ዙር
ሳምንት 2፦ 2 ደቂቃ × 6
ሳምንት 3፦ 3 ደቂቃ × 5
ሳምንት 4፦ 4 ደቂቃ × 4
ሳምንት 5፦ 6 ደቂቃ × 3
ሳምንት 6፦ 7 ደቂቃ × 3
ሳምንት 7፦ 10 ደቂቃ × 2
ሳምንት 8፦ 12 ደቂቃ × 2፣ ወይም ሳያርፉ 20 ደቂቃ

ልክዎ 1 ደቂቃ ከሆነ በ40 ሴኮንድ ዙር ይጀምሩ። አያፍሩበት፤ ጡንቻው የሚቆጥረው በአጠቃላይ የሠራበትን ጊዜ ነው።

የዕለቱ ቅደም ተከተል፦

1. ፓፍ፣ 15 ደቂቃ ጥበቃ።
2. 3 ደቂቃ ማሟሟቂያ፦ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚትዎን ያዙሩ፣ ጉልበትዎን ይዘርጉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው ይራመዱ።
3. ዙሮቹ። በየዙሩ መጨረሻ የትንፋሽ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ።
4. 3 ደቂቃ በዝግታ ሄደው ያብርዱ። ድንገት መቀመጥ ራስ ያዞራል።

አጨማመር ላይ ይጠንቀቁ። በቅድሚያ የዙሩን ርዝመት ይጨምሩ፣ ቀጥሎ ዕረፍቱን ያሳጥሩ፣ ፍጥነት የመጨረሻ ነው። ሁለቱን በአንድ ቀን አይጨምሩ። በሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ቀን ተከታትሎ ቁጥርዎ 5 ከነካ ወደሚቀጥለው አይለፉ፤ ያንኑ ሳምንት ይድገሙ። ስምንቱ ሳምንት አሥራ ሁለት ቢሆን ምንም አይደለም። ዳገት ከፈለጉ 20 ደቂቃ ሜዳ ላይ ከሄዱ በኋላ ይሞክሩ፤ ዙሩንም በግማሽ ያሳጥሩ።

## ደረጃ 5፦ የጉልበት ሥራ

በሳምንት 3 ቀን፣ አንድ ቀን እየዘለሉ። ረቡዕና ዓርብን የሚጦሙ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜን ይያዙ። በሁሉም ላይ ሕጉ አንድ ነው፦ ሲከብድ ያስወጡ። ትንፋሽ ቋጥሮ ማንሳት ደም ግፊትን ድንገት ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያም ትንፋሽ ይቆርጣል።

ከወንበር መነሳት – 8 ጊዜ፣ 2 ዙር። ሁሉንም መሥራት ካልቻሉ ሌላውን ትተው ይህን ብቻ ይሥሩ፤ ሽንት ቤት፣ አልጋና ታክሲ ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ ጡንቻ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ሊሾ ላይ ስለሚንሸራተት ግድግዳ ያስደግፉት። ወደ ወንበሩ ጠርዝ ይምጡ፣ ተረከዝዎን ከጉልበትዎ ጥቂት ወደ ኋላ ይሳቡ፣ አፍንጫዎ ከእግር ጣትዎ በላይ እስኪሆን ያዘንብሉ። አየር ያስገቡ። እያስወጡ ይነሱ። ቆመው አንዴ ይተንፍሱ፤ ከዚያ 3 እየቆጠሩ በዝግታ ይቀመጡ። ዘጭ ብሎ መቀመጥ ግማሹን ጥቅም ያጠፋል። መነሳት ካቃተዎ የታጠፈ ጋቢ መቀመጫው ላይ ይጨምሩ፣ ወይም ለጊዜው ጭንዎን በእጅዎ ይግፉ። 10 ጊዜ በ3 ዙር ሲቀልዎት ውኃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ደረትዎ ላይ አቅፈው ይሥሩ።

ተረከዝ ማንሳት – 10 ጊዜ፣ 2 ዙር። ጠረጴዛ ይዘው።

ደረጃ መውጣት – በየእግሩ 6 ጊዜ። አንድ ደረጃ ብቻ፣ መደገፊያ ይዘው፤ ወጥተው ይውረዱ። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ።

ክንድ – 8 ጊዜ፣ 2 ዙር። በየእጅዎ ግማሽ ሊትር ውኃ የያዘ ሃይላንድ፣ እስከ ትከሻ ብቻ። ከራስ በላይ ማንሳት ለትንፋሽ የሚያግዘውን የትከሻ ጡንቻ ስለሚሻማ እስከ 5ኛው ሳምንት ይቆይ።

በማግስቱ ጭን ቢያምዎ ያለ ነው፤ በሁለት ቀን ይለቃል። መገጣጠሚያ ካመመዎ ግን ብዛቱን ይቀንሱ። ጡንቻ ያለ ምግብ አይሠራምና በየማዕዱ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል ወይም ወተት ይኑር። ሆድ ሲሞላ ትንፋሽ ስለሚያጥር ትንሽ ትንሽ፣ በቀን 5 ጊዜ መብላት ይሻላል።

## ደረጃ 6፦ ያገኙትን አቅም ለቤት ሥራ

- እንጀራ ሲጋግሩ፦ ሊጡ፣ ማሰሻውና ሰፌዱ ሳይንጠራሩ በሚደርሱበት ቦታ ይሁኑ፤ ተቀምጠው ይጋግሩ። ጭሱ የማገዶ ከሆነ ሌላ ሰው ይጋግር። ጭስ ውስጥ ቆሞ ልምምድ መሥራት ዋጋ የለውም።
- ውኃ ሲሸከሙ፦ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። በባለ 5 ሊትር ያመላልሱ።
- ደረጃ ሲወጡ፦ ቆመው ያስገቡ፣ እያስወጡ 2 ደረጃ ይውጡ፣ ይቁሙ። ሳይደክምዎ ነው የሚቆሙት።
- ሲታጠቡ፦ ወንበር ላይ ተቀምጠው። ጫማ ለማሰር አይጎንበሱ፤ እግርዎን ጉልበትዎ ላይ ያምጡት።
- ስግደት፦ ግንባር እስከ መሬት መጎንበስ ሆድን ወደ ደረት ይገፋል። ትንፋሽዎ ከ4 ካለፈ ቆመው ወይም ተቀምጠው ያድርጉት።

## ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ቁጥሩ 6 ወይም 7 ደረሰ። ይቁሙ፣ ወደ ፊት ይደገፉ፣ ማስወጣቱን ብቻ ይቁጠሩ። በ5 ደቂቃ ወደ 2 ካልወረደ የታዘዘልዎትን ፓፍ ይውሰዱና ለዕለቱ ያብቁ። በማግስቱ ከዙሩ አንድ ሦስተኛውን ይቀንሱ።

ፍርሃት ያዘኝ። ፍርሃት ትንፋሹን ያፈጥናል፣ የፈጠነው ትንፋሽ ደግሞ ፍርሃቱን ይጨምራል። አጠገብዎ ያለው ሰው «አይዞህ፣ አይዞሽ» ከማለት ይልቅ 4 እየቆጠረ አብሮዎት ያስወጣ።

እጄ ተንቀጠቀጠ፣ ልቤ መታ። ከሳልቡታሞል በኋላ የተለመደ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። የልብ ምቱ ከተዘበራረቀ ወይም ካልበረደ ሐኪም ያማክሩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም አልጨመርኩም። የፓፍ አወሳሰድዎን ለጤና ባለሙያ ሠርተው ያሳዩ፤ የደም ማነስና የልብ ምርመራም ይጠይቁ። ስንፍና ነው ብለው አይደምድሙ።

ሕመሙ ተነሳብኝ። አክታ ከበዛ፣ ቀለሙ ከተለወጠና ትንፋሽ ከወትሮው ካጠረ ልምምዱን አቁመው ይታከሙ። አልጋ ላይ መዋል ግን በጥቂት ቀን እግርን ያዝላል፤ ስለዚህ ሐኪም ካልከለከለ በየሰዓቱ 2 ወይም 3 ጊዜ ከወንበር ይነሱ። ሲሻልዎት ከነበሩበት በግማሽ ይጀምሩና በየ3 ቀኑ ይጨምሩ።

ወዲያው ወደ ሆስፒታል፦ ተቀምጠውም ሁለት ቃል አያይዘው መናገር ካቃተ፣ ከንፈር ወይም ምላስ ከጠቆረ፣ ሰው ከተደናገረ ወይም ያለወትሮው እንቅልፍ ከጣለው፣ ደረት በአንድ ወገን ድንገት ወግቶ ትንፋሽ ከቆረጠ፣ ደም ከተሳለ። በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

## በ8ኛው ሳምንት መጨረሻ

ሁለቱን ልኬቶች በዚያው ወንበር፣ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሰዓት ይድገሙ። በ1 ደቂቃ የመነሳት ብዛትዎ በ3 ወይም ከዚያ በላይ ከጨመረ እውነተኛ ለውጥ ነው። የሳንባ ምርመራው ቁጥር ላይለወጥ ይችላል፤ አይደንግጡ፣ የተለወጠው ጡንቻው ነው። ከተዉት በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ስለዚህ ከዚህ በኋላ በሳምንት 3 ቀን 20 ደቂቃ መሄድንና 2 ቀን የጉልበት ሥራን ይያዙ። ልኬቱን በየ3 ወሩ ይድገሙ፤ የመነሳት ብዛቱ በ3 ከቀነሰ ያለ ምንም ሌላ ምልክትም ቢሆን ደብተሩን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።